ስለ ቀይ ሽንኩርቱና ስለ አባዬ ጆሮ

ውድ እማዬ፣

እኔ ልጅሽ ቦንቱ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይደልለኝ፣ ከአባዬ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ከገብስ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ዕቃ ነቅዬ በምትኳ ሌላ መትከሌን በዚህ ደብዳቤ አምናለሁ። ምስክር አልነበረም። ድመቷ ነበረች፤ እሷም ተኝታ ስለነበር ቃሏ አይጸናም።

ሳቂ እንግዲህ። እዚህ ላይ ካልሳቅሽ ወደ ታች ስትወርጂ የሚያስቀው እያነሰ ነው የሚሄደው።

ከሄድሽ ዘጠኝ ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ቀኑን የምቆጥረው እኔ ነኝ። አባዬ የሚያውቀው ወሩን ብቻ ነው፤ የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ ያሉት ቁጥሮች ለእሱ ጉንዳን ሆነዋል፣ ያውም የሚሄዱ ጉንዳኖች።

ቤቱ ያው ነው ብልሽ ውሸት ነው። የግቢው በር ቀለም ተቀብቷል። አባዬ ሰማያዊ ነው ይላል፣ አረንጓዴ ነው። ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ሰማያዊውን በር እያለ ስለሚነግር ሰው እኛን አልፎ ጎረቤት ያንኳኳል። ፓፓያዋ አፍርታለች። ሽሮ መሥራት ችያለሁ፤ ችያለሁ ስል ሠርቼው እንበላዋለን ማለቴ ነው፣ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጪው። የሁሩታዋ አክስቴ በየሳምንቱ ትደውላለች። በኦሮምኛ ትጀምርና እኔ መንተፋተፍ ስጀምር አዝናልኝ በአማርኛ ትጨርሳለች። በአንቺ ጊዜ እንዲህ አልነበርኩም። የሚጠራኝ ሰው ሲጠፋ ለካ የምመልስበት ቋንቋም ይጠፋል።

የዛሬው ጉዳዬ ግን የአባዬ ዓይን ነው። አንቺ ስትሄጂ አንድ መነጽር ነበረው። አሁን አራት ናቸው፣ ሁሉም ገበያ ላይ ከካርቶን ተመርጠው የተገዙ። አንዱ ግንባሩ ላይ ነው፣ አንዱ አፍንጫው ላይ፣ አንዱ ኪሱ ውስጥ፣ አራተኛውን ደግሞ ሦስቱም ተባብረው እየፈለጉት ነው። ባለፈው ሁለቱን ደርቦ፣ አገጩን ወደ ላይ ቀስሮ፣ አንዲት ብሎን እንደ ጨረቃ ሲመለከት ደረስኩበት። ስልኬን ሰጥቼው በካሜራው አጉልተህ እይ ብዬው ነበር። አገላብጦ ያዘውና የራሱን የአፍንጫ ቀዳዳ አጉልቶ አነሳ። ፎቶው እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ፤ እንዳጠፋው ለምኖኛል፣ አላጠፋሁትም።

ሐኪሙ ሞራ እየጀመረው ነው፣ ሲደርስ ይነሳል፣ የቅርቡን ግን ዕድሜ ነው የወሰደበት ብሎታል። ጋሽ ለማ ደግሞ ካሮት ይብላ አሉ። ጋሽ ለማን ታውቂያቸዋለሽ፤ የአባዬ ጓደኛ፣ ጡረታ የወጡት ሹፌር፣ ሐኪም ያልሆኑት አንዲት ወረቀት ጎድሎባቸው ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ካሮት በጥሬው፣ ካሮት በወጥ፣ ካሮት በጭማቂ ሆነ። የአባዬ ዓይን ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን ከክፍሉ መጨረሻ ወንበር ሆኜ የሰሌዳውን ነጥብ ሳይቀር ማንበብ ጀምሬያለሁ።

የሚገርመኝ ሩቁን ማየቱ ነው። ከሥራ ክፍሉ ከሰርቪሷ ደጃፍ ቆሞ የመብራት ማመንጫዎቹ ወደ ተተከሉበት ተራራ ይጠቁምና ያ ሦስተኛው የነፋስ ማማ ዛሬ አይዞርም ይለኛል። ቀና ስል እውነትም አይዞርም። ያንን ያየ ሰው ዝቅ ብሎ በሁለት ጣቱ መሐል የያዘው ሬዚስተር ይሁን የሩዝ ፍሬ አያውቅም። አንድ ቀን በእውነት ሩዝ ሊበይድ ነበር። ይህንን የነገርኩሽ ለአንቺ ብቻ ነው።

ስለ ሬዚስተሮቹ ለአንቺ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ቢሆንም ደብዳቤ ነውና ልጻፈው። የእያንዳንዷ ልክ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደምትገታ፣ የሚታወቀው ወገቧ ላይ ከታሰሩት የቀለም ቀለበቶች ነው፣ እያንዳንዱ ቀለም ቁጥር አለው። የአባዬ ዓይን መድከም ሲጀምር ቀለሙን የምታነቢለት አንቺ ነበርሽ። ግን ቡናማ፣ ቢጫ ብለሽ አንብበሽ አታውቂም። ቡና፣ እርድ ነበር የምትዪው። ቀዩ በርበሬ፣ አረንጓዴው ቃሪያ፣ ግራጫው አመድ። ሰማያዊ ነገር ወጥ ቤት ውስጥ ብትፈልጊ ብትፈልጊ ስላጣሽ በእሳቱ ቀለም ቡታጋዝ አልሽው። አባዬ ቁጥሮቹን ሊያስተምርሽ ሲሞክር “ቁጥሩ ያንተ፣ ወጡ የኔ” ብለሽ መለስሽው፣ እሱም ዳግመኛ አልሞከረም። እኔ በአንድ ጥግ የቤት ሥራዬን ስሠራ እናንተ በሌላው ጥግ በርበሬ፣ በርበሬ፣ ቡና ስትሉ፣ መንገደኛ ቢሰማ ድግስ ያለብን ይመስለው ነበር። አንዳንዴ ከሩቅ ሰምቼያችሁ ይርበኝ ነበር።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ አባዬ እኔን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆኛል። ሁለተኛው ወር ላይ ነው። አንዲት ሬዚስተር በመዳፉ ይዞ ወጥ ቤት ድረስ መጣና አንብቢልኝ አለኝ። እኔም አፌ አያርፍም፤ “አባዬ፣ ይሄ ሬዚስተር ነው ወይስ ምስር ወጥ?” አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መዳፉን ጨብጦ ወደ ሰርቪሷ ተመለሰና ከዚያ ቀን ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ያኔ የሳቀ መስሎኝ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፉጨቱ ጀመረ። ከሰርቪሷ ውስጥ ጢይይ ይላል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ጡውው ይላል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ አቧራውን እያንከባለለ ሲያልፍ ፉጨቱ ከነፋሱ ጋር ተቀላቅሎ ግቢው ውስጥ ይዞራል። ለክፍሌ ልጆች አባቴ ፌንጣ ማርባት ጀምሯል አልኳቸው። ጋሽ ለማ ግን ነገሩን ከበድ አድርገው ያዙት። በሩ ላይ አካም፣ ፋያ ብለው ሰላምታቸውን ጨርሰው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉና ሐዘን አንዳንዱን ያስለቅሳል አንዳንዱን ያስፎጫል፣ እንዳታቋርጪው አሉኝ። አላቋረጥኩትም። ምን እንደሚሠራ ግን አልጠየቅኩም። የሰው ልጅ አባቱን ካልጠየቀ ማንን ሊጠይቅ ነው እንዳትዪኝ፤ ራሴን ብዬዋለሁ።

በዚህ መሐል ደወሉን ቀጠለ። ከመታመምሽ በፊት የጀመራችሁትን የበር ደወል ማለቴ ነው። የድሮው ደወላችን እንደ ወፍ ስለሚንጫጫ እንግዳ በመጣ ቁጥር ድመቷ በሩ ድረስ አድፍጣ መሄዷን አላቆመችም፤ ወፏን ግን አላገኘቻትም። አዲሱ አራት ድምፅ ያወጣል፣ አንዱ ከሌላው የተለየ፣ የእያንዳንዱን ቅጥነት የምትወስነው አንዲት ሬዚስተር ናት። ይህንን ያህል ነግሮኛል። ምን ዓይነት ዜማ ነው ስለው ሲያልቅ ትሰሚዋለሽ አለኝ።

አሁን ወደ ወንጀሌ ልግባ።

ባለፈው ሐሙስ ለዓይኑ ቀጠሮ ነበረውና ከጋሽ ለማ ጋር ወጣ። እኔም እልፍ ብዬ ሰርቪሷን ከፈትኩ። ልረዳው ነው፤ እንዳያውቅ አድርጌ። ያ ምስኪን ሰው በጭፍኑ የበየደውን እኔ በካሮት በሰላ ዓይኔ አርሜለት፣ ደወሉ ሲሠራ ገና አልደከምኩም ብሎ ደስ ይበለው ብዬ ነው። የአንቺን ደብተር አወጣሁ። የአራቱንም ድምፅ ሬዚስተሮች ያኔ በእርሳስ ጽፈሽለት ነበር፣ በወጥ ቤትሽ ስም። ደብተሩን በግራ፣ የደወሉን ቦርድ በቀኝ አድርጌ አንድ በአንድ አመሳከርኩ።

የመጀመሪያው ድምፅ ትክክል ነው። ሁለተኛውም ትክክል። ገረመኝ። ሦስተኛው ላይ አንቺ በርበሬ፣ ቀይ፣ እርድ ብለሻል። ቦርዱ ላይ ያለችው ግን ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫ ናት። አየሽ፣ አገኘሁበት። ሐምራዊውን ከቀይ መለየት አቃተው፣ ምስኪን አባዬ አልኩ። አዘንኩለት ልበልሽ? ከማዘኔ ይልቅ ማግኘቴ አስደሰተኝ። መበየጃውን ሰካሁ፣ የእሱን ነቅዬ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ደበቅሁ፣ ከመሳቢያው ሁለት ቀይ አንድ ቢጫ ያላትን ፈልጌ ተከልኩ። አራተኛው ትክክል ስለነበር አለፍኩት። ስወጣ ክንፍ ያበቀልኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አለቀ ብሎ ጠራን። ጋሽ ለማ ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። አባዬ አራቱንም መነጽር አውልቆ ነበር፣ እንደማያስፈልጉት ሁሉ። ተጫነው። አንዱ ድምፅ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ፤ የሆነ የማውቀው ነገር መንገድ ጀምሮ ወደ እኔ እየመጣ መሰለኝ። ሦስተኛው ላይ ጮኸ። ቅጥ ያጣ፣ ጥርስ የሚያንጨረጭር ጩኸት። አራተኛው ወርዶ ዝም አለ፣ የሚመጣው ነገርም መንገድ ላይ ቀረ።

ጋሽ ለማ አጨበጨቡ። ድንቅ ነው፣ ከወፏ ይሻላል አሉ። አባዬ ደግሞ ተጫነው። ለሦስተኛ ጊዜም ተጫነው። ከዚያ ጣቱን አንስቶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ጋሽ ለማ ፊቱን አይተው ፈትተህ እየው እንጂ አሉት።

“በምን ልየው?” አለ አባዬ። “ዓይኔ አይነግረኝም። ጆሮዬን አምኜ ነበር፣ እሱም ዋሸኝ።”

እማዬ፣ ያን ጊዜ አልገባኝም። ጆሮ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ነው ያልኩት። የገባኝ ነገር ቢኖር ፊቱ ነው። አንቺን ቀብረን ስንመለስ ያየሁት ፊት አይደለም፣ ያኛውን አውቀዋለሁ። ይሄኛው አዲስ ነው። ቤቱ ውስጥ የቀረውን የመጨረሻ ብርሃን ራሱ አጥፍቶ በጨለማ መቀመጫውን የሚፈልግ ሰው ፊት ነው።

ዛሬ እሑድ ጠዋት ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ካቻቢቴዎቹን፣ ፒንሳዎቹን፣ ቴስተሩን፣ የሬዚስተር ቆርቆሮዎቹን ሁሉ። የጋሽ ለማ የእህት ልጅ ስልክ የሚጠግንበት ሱቅ አለው፣ ይውሰደው፣ ይሠራበት አለ። እኔ ገመድ እየያዝኩለት ነበር። ከሳጥኑ ጥግ አንድ የሳሙና ማስቀመጫ ወጣ፤ ሁለት መቆንጠጫና አንድ ትንሽ ስፒከር ያለው። ይሄ ቆሻሻ ነው ልጣለው አልኩት። ከእጄ ተቀበለኝ።

ከዚያ ነገረኝ። ቀለሙን የሚያነብለት ሰው ሲያጣ ይህቺን ሠራ። ሬዚስተሯን በሁለቱ መቆንጠጫዎች መሐል ሲያስገባት እንደ ልኳ ታፏጫለች፤ ልኳ ካነሰ ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ከበዛ ይወፍራል። ስለዚህ የእያንዳንዷን ድምፅ አጠና። ሁሉንም። ከማንም ሳይማር፣ ከምንም ሳይገለብጥ፣ ጠዋት ተነስቶ እያስፎጨ፣ ከሰዓት እያስፎጨ፣ ስንት ዓይነት እንዳለ ታውቂያለሽ። እኔ ፌንጣ ያልኩት፣ ጋሽ ለማ ሐዘን ያሉት ይሄ ነው። ፊደል የጠፋበት ሰው ሌላ ፊደል ሲፈጥር ነበር የምንሰማው።

አላመንኩትም። ከቆርቆሮው አንዲት ዘግኜ አስገባሁለት። ጢይይ አለች። ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘንብሎ “ቡታጋዝ፣ አመድ፣ ብርቱካን” አለ። ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ብርቱካናማ ናት። በቁጥር ሳይሆን በአንቺ አፍ ተናገረው፣ እማዬ። ሌላ አስገባሁ። “እርድ፣ ቀይ፣ ብርቱካን” አለ። አየኋት። ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ ናት።

ተሳሳትክ አባዬ፣ መሐሉ ቀይ አይደለም ሐምራዊ ነው አልኩት።

“እናትሽ ቀይ ሽንኩርት ነው የምትለው” አለኝ። “ሲያጥር ቀይ። በርበሬ እያለላት ቀዩን ለምን ቀይ ትለዋለች?”

ቆይ እማዬ። እስቲ ቆይ። በገበያው ሁሉ ኪሎ ቀይ፣ ግማሽ ነጭ እየተባለ ሽንኩርት ሲሸጥ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያ ሽንኩርት አንድም ቀን ቀይ ሆኖ አያውቅም፤ ሐምራዊ ነው፣ አገር ሁሉ ግን ቀይ ይለዋል፣ እኔም እለዋለሁ። አንቺም ጽፈሽዋል። እዚያው አንድ መስመር ላይ በርበሬ ብለሽ ጀምረሽ ቀይ ብለሽ ቀጥለሻል። አንድ ቀለም ሁለት ስም ለምን ይኖረዋል ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት አልነበረኝም። የነበረኝ ስለታም ዓይን ብቻ ነው።

ወዲያው ልነግረው አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት የባጃጅ ጡሩምባ በሩ ላይ አምባረቀ፤ ጋሽ ለማ ናቸው፣ ሱቁ ሳይዘጋ እንድረስበት፣ ልጁ ራሱ መጥቶ ዕቃውን ይውሰድ አሉ። አባዬ የሳሙናዋን ማስቀመጫ ከሁሉ ዕቃ ላይ አስቀምጦ ወጣ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አይተሽኝ አታውቂም እንዲህ ሆኜ።

ብቻዬን ስሆን መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር የነቀልኳትንና በምትኳ የተከልኳትን ዓይነት ከቆርቆሮው አውጥቼ በሳሙና ማስቀመጫዋ ማስፎጨት ነው። አንዷ ትንሽ ትቀጥናለች፣ ሌላዋ ትንሽ ትወፍራለች። አከታትዬ ስሰማቸው ልዩነቱ ይታወቀኛል። ግን ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሬ ተመልሼ አንዷን ብቻ ሳስፎጫት የትኛዋ እንደሆነች ጠፋኝ። የሁለት ድምፅ ልዩነት እንኳ በሩን ሳላልፍ ፈሰሰብኝ። እሱ ያንን ሁሉ ይዞ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጋሽ ለማ ስለ ካሮት ሲያወሩ ይሰማል፣ አንዱም አይፈስበትም።

ከዚያ ብየዳውን አየሁ፣ ሐሙስ ያላየሁትን። ሐሙስ ስህተት ስፈልግ ስለነበር ሌላ ነገር አልታየኝም። የአባዬ ብየዳዎች አንዱ ካንዱ እኩል፣ ክብ፣ የሚያንጸባርቁ፣ ሣር ላይ ያደረ ጤዛ ናቸው። የእኔዋ አንዲት ብቻ መሐላቸው እንደታኘከ ማስቲካ ተለጥፋለች። እንዴት ነው የሚያደርገው ብዬ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩና በቁራጭ ሽቦ ላይ መበየጃውን ሞከርኩ። ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ሰማሁ። የሚቀልጠው ሶልደር ሽቦውን በደንብ ሲይዝ ድምፅ አለው፤ ቀጭን እሽ ይልና ይቆማል፣ ካልያዘ ግን ይንተባተባል። ሽታውም ይለያል። አባዬ ሲበይድ ፊቱን ወደ ጎን የሚያዞረው ጭሱን ሸሽቶ ይመስለኝ ነበር። ጆሮውን ነው የሚያቀርበው። ይህንን ስረዳ አመልካች ጣቴ ተቃጥሎ ነበር፣ ይገባኛል።

የመንደሩ ልጅ ሁሉ አባቱ ትልቅ ሰው እንደሆነ ይነግርሻል፣ ትልቅ መኪና ስለነዳ ወይም ትልቅ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ። እኔ እስከ ዛሬ የእኔ አባት አራት መነጽር ያለው ሰው ነው እል ነበር። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ በተቃጠለ ጣቴ ያንን ትንሽ ቦርድ ስነካው፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ውስጥ እንዲህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አላውቅም። አንድ በር ሲዘጋበት ግድግዳውን በጆሮው ቀድዶ ወጥቷል። ለማንም ሳይነግር። ያስተዛዘነው ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ የተዘጋው በር ላይ ቆሞ ሲያዝንለት።

እኔ ደግሞ ሄጄ ያንን ነው የነቀልኩት። ሬዚስተሯንማ መልሶ መትከል ቀላል ነው። ጆሮህ ዋሸህ ብዬ ነው ያሳመንኩት።

የክብሪት ቀፎውን አወጣሁ። የእኔን ማስቲካ አቅልጬ አነሳሁ፣ የእሱን በርበሬ፣ ቀይ፣ እርድ ወደ ቦታዋ መለስኩ። ስበይድ አላየሁም፣ አዳመጥኩ። እሽ ብሎ ቆመ። እንደ እሱ አይደለም፣ ግን ማስቲካም አይደለም። መበየጃውን ነቅዬ አስቀመጥኩና የሒሳብ ደብተሬን ገልብጬ ይህንን ደብዳቤ ጀመርኩልሽ። ገና አልተጫንኩትም። ከጀመርኩ ጀምሮ ጣቴ መጫኛው አጠገብ ነው ያለው።

ፈራሁ፣ እማዬ። አሁንም ሦስተኛው ከጮኸ የአባዬ ጆሮ በእውነት አልቆለታል ማለት ነው፣ ሳጥኑም ይሂድ። ካልጮኸ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ጨለማ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ፊቱ ቆሜ መናገር አለብኝ፣ ያውም ሳልስቅ፣ ያውም ሳላላግጥ። ለአንቺ መናዘዝ ቀላል ነው። አንቺ አታቋርጪኝም።

እሺ። ልጫነው።

እማዬ። አንቺ ነሽ።

ከገበያ ስትመለሺ፣ ሁለቱም እጅሽ በፌስታል ተይዞ የደወሉን መጫኛ የሚነካ ጣት ሲያጥርሽ፣ ከበሩ ውጪ ቆመሽ በኦሮምኛ የምትጠሪኝ ጥሪ ነው። “ያ ቦንቱ ኮ።” የኔ ቦንቱ። ያ ዝቅ ብሎ ይነሳል፣ ቦን ከፍ ይላል፣ ቱ ይቀጥናል፣ ኮ ወርዶ ያርፋል። ሦስተኛዋ ድምፅ ቱ ናት። ቅዳሜ ወደ እኔ መምጣት ጀምሮ መንገድ ላይ የቀረው አንቺ ነበርሽ፣ ያስቀረሁሽም እኔ።

በርበሬ፣ ቀይ፣ እርድ ብለሽ ስትጽፊለት የራስሽን ድምፅ እየጻፍሽ እንደነበር ታውቂ ነበር? አይመስለኝም። አውቀሽ ቢሆን ኖሮ ለሰፈሩ ሁሉ ታወሪው ነበር። እሱ ነው አንቺን ሰምቶ፣ ልክሽን ወስዶ፣ ለራስሽ ያስነበበሽ። ከሄድሽ በኋላ ደግሞ የሚሰማው ድምፅሽ በሌለበት ቤት ያንን ጥሪ በጭንቅላቱ ይዞ፣ በፉጨት እየፈለገ፣ እስኪገጥም ድረስ ሠራው። እንዴት አድርጎ እንደያዘው አላውቅም። እኔ ስልኬ ውስጥ ድምፅሽን ፈልጌ ያገኘሁት ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማም የሚል ብቻ ነው።

አሁን ቃል ልግባልሽ። አልረሳሽም ብቻ ብዬ አላልፍም፤ እሱን ሁሉም ይላል። አሥሩንም ቀለም በአንቺ ስም አጠናለሁ። አባዬ መዳፉን ዘርግቶ ሲመጣ ጎንበስ ብዬ አነብለታለሁ፤ ባይመጣም እኔ እሄዳለሁ፣ ድምፃቸውን እንዲያስተምረኝ። አክስቴ ስትደውል በአማርኛ እንዳትጨርስብኝ እለፋለሁ። በሩ ላይ በጠራሽኝ ቁጥር ደግሞ፣ የሚገባው ሰው ማንም ይሁን፣ መጀመሪያ አንቺን አቤት እላለሁ።

አንድ ጊዜ ደግሜ ስጫነው ውጪ የባጃጁ ሞተር ቆመ። ጋሽ ለማ እያወሩ ነበር፣ መሐል ላይ አቋረጡ። ሰምተዋል። ሳጥኑን ሊወስድ የመጣው የእህታቸው ልጅ የት ላቁም እያለ ይጠይቃል። የአባዬ እግር ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ ግድግዳውን ሳይዝ፣ ሳይደናቀፍ፣ በጠጠሩ ላይ በፍጥነት ወደ ሰርቪሷ እየመጣ ነው። እጄ ላይ የክብሪት ቀፎው አለ፣ የት እንደማደርገው አላውቅም። አሁን ደጃፉ ላይ ቆሟል። መነጽር አላደረገም። እኔን አላየም፣ ቦርዱንም አላየም፣ ሬዚስተሮቹን ሲያነብ እንዳደረገው ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘንብሎ

“ቦንቱ” አለኝ።